የጎረቤት መድኃኒትነት

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች አንዱ)

ጤና ጥበቃ በተባለ ቁጥር በሐሳባችን ቀድሞ የሚመጣው ሐኪሙ፣ መርፌው፣ ክኒኑና የሆስፒታሉ አልጋ ነው። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ እነዚህ ነገሮች ስንቱን ከሞት አፋፍ እንደ መለሱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ በሽተኛው ማዘዣውን በእጁ ይዞ ከጤና ጣቢያው በር ከወጣ በኋላ ወደ ምን ዓይነት ቤት እንደሚመለስ፣ መድኃኒቱን መዋጡን የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ፣ ተስፋ በቆረጠ ጊዜም ማን አይዞህ እንደሚለው በማዘዣው ላይ አይጻፍም። ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ስለዚሁ ስላልተጻፈው ነገር ታሪክ ነው።

በዘመናችን በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የጤና ሠራተኞች ይህን ጉድለት ለመሙላት አንድ አሠራር አውጥተዋል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ የበሽተኛውን ችግር ከመረመሩ በኋላ፣ የሕመሙ ሥር ብቸኝነት፣ ሥራ ማጣት፣ ሐዘን ወይም የኑሮ ጭንቀት መሆኑን ሲረዱ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ወይም መድኃኒት የማያስፈልግ ከሆነ በመድኃኒቱ ፈንታ፣ በሽተኛውን በአካባቢው ወዳለ ማኅበር፣ ወደ ሥራ ክበብ፣ ወደ ምክር ሰጪ ወይም ወደ ሌላ የኅብረት ሥራ ይልኩታል። ይህም ማኅበራዊ ማዘዣ ተብሎ ሊጠራ ይችላል። ጥያቄው ግን ይህ ማዘዣ በእርግጥ ይፈውሳልን? የሚፈውስስ ከሆነ በምን ሁኔታ ነው? የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ብዙ ነገር በራሳችን አገር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የአገራችንን ነገር ስንናገር ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን ስንናገር ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምናመለክት መሆናችንን አስቀድመን እንገልጻለን።

ነገሩ የሩቅ መስሎ እንዳይታያችሁ በመጀመሪያ ወደ ገዛ ከተማችን ዳርቻ እንሂድ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት እህል የሚዘራበት የገበሬ መሬት ነበር። ዛሬ ግን ለቡ መብራት ኃይል፣ ለቡ ሙዚቃ ሰፈር እየተባሉ የሚጠሩ መንደሮች የሞሉበት፣ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚያሳፍርበት ጣቢያ ያለበት ሰፊ ሰፈር ሆኗል። በአጠገቡም እንደ ጀሞ ያሉ ታላላቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ወደነዚህ ሕንፃዎች የገባው ሰው አብዛኛው የመጣው ከመሐል ከተማው አሮጌ ሰፈሮች ነው። በዚያ የጭቃ ቤቱ ቢያረጅና ጣራው ቢያፈስስም፣ ቡና ሲፈላ የሚጠራራ፣ ሰው ሲታመም አጥር ዘልሎ የሚመጣ ጎረቤት ነበረው። አዲሱን ቤት ያገኘው በዕጣ ነው። ዕጣ ግን ቤት ይሰጣል እንጂ ጎረቤት አይሰጥም። በአራተኛው ፎቅ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እናት፣ ልጆቻቸው ወደ ሥራ ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ግድግዳ ሲመለከቱ ቢውሉ፣ የደም ግፊታቸው መድኃኒት በጊዜው ባይዋጥ፣ ወገባቸውን አመመኝ እያሉ በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመላለሱ፣ ሐኪሙ ከወገባቸው ላይ የሚያገኘው ነገር ላይኖር ይችላል።

ብቸኝነት የስሜት ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ ካሉ የሚከተለውን ይመልከቱ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 148 ልዩ ልዩ ምርምሮችን በአንድነት አሰባስቦ መርምሮ ነበር። በነዚህ ምርምሮች ውስጥ የተቆጠሩት ሰዎች 308,849 ነበሩ። ከሰው ጋር ጠንካራ ዝምድና ያላቸው ሰዎች፣ ዝምድናቸው ከሳሳው ይልቅ ምርምሩ በተካሄደበት ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ በለቡም ሆነ በሌላ አዲስ ሰፈር የጎረቤት መጥፋት ጤና ጥበቃን የሚመለከት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። የታመመን መጠየቅ፣ ያዘነን ማጽናናት፣ የወለደችን መጎብኘት በአገራችን ማንም ሳያዝዝ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው። ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ሲፈልስ ግን ይህ ልማድ በራሱ አይከተለውም፤ ለልማዱ አዲስ ቤት መሥራት ያስፈልጋል። ለዚህ የተሠራው ቤት ዕድር ነው። ዕድር በአዲስ አበባ በ20ኛው ምዕት ዓመት ከየክፍለ ሀገሩ በመጣው ሕዝብ መካከል እየተስፋፋ ሄዷል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ እና ከዚያም በኋላ ይበልጥ ሥር ሰድዷል። ዋና ሥራው ቀብር ማስፈጸምና ሐዘንተኛን መርዳት ቢሆንም፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ዕድሮች የሰፈራቸውን መንገድ በማሠራትና በሌላም የልማት ሥራ ይሳተፉ ነበር።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ቀበሌዎች፣ በተቋቋሙ ጊዜ የሰፈር ጉዳይ ሁሉ ወደነርሱ ዞረ። ዕድሮችም ወደ ቀብር ሥራቸው ብቻ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የኤድስ በሽታ በከተሞች በበረታበት ዘመን የሟች ቁጥር እየበዛ የዕድሩን ሣጥን ባዶ ሲያደርገው፣ አንዳንድ ዕድሮች ለሞተው ብቻ ሳይሆን በሕይወት ላለው ሕመምተኛና ወላጆቹን ላጣው ሕፃን ጭምር መርዳት እንደሚገባቸው ተገንዝበው ደንባቸውን አሻሻሉ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ዕድር የቆመ ውሃ አለመሆኑን ነው፤ አባሎቹ ራሳቸው መክረው ሲወስኑ ሥራውን ያሰፋል፤ ሥራው በሌላ ሲወሰድበት ደግሞ ወደ ጓዳው ይመለሳል።

የመንግሥት የጤና አገልግሎትስ ወደ ሰው ቤት መሄድ የጀመረው መቼ ነው? እዚህ ላይ የጎንደርን ስም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1945 ዓ.ም. ግድም ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ሲቋቋም ዓላማው በከተማ ሆስፒታል ተቀምጠው በሽተኛ የሚጠብቁ ሐኪሞችን ማውጣት አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ፣ የውሃውን ጉድጓድ፣ የእናቲቱን ጓዳና የሕፃኑን ምግብ አብረው እንዲመለከቱ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ይህ ቡድን ለብዙ ሕዝብ የመጀመሪያው ዘመናዊ ጤና ጠባቂ ሆነ።

ይህ ሐሳብ በዚያ ዘመን በሌላም አገር ይሠራበት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ሲድኒ ካርክና ባለቤቱ ኤሚሊ ካርክ በ1940 እ.ኤ.አ. በፎሌላ ገጠር በከፈቱት ጤና ጣቢያ በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንና መንደሩን በሙሉ እያጠኑ ያክሙ ነበር። በለንደን ከተማ በፔክሃም ሰፈር ደግሞ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ሐኪሞች፣ ጆርጅ ስኮት ዊልያምሰንና ኢነስ ፒርስ፣ ቤተሰቦች መዋጮ እየከፈሉ የሚመረመሩበትንና አብረው የሚጫወቱበትን የጤና ማዕከል አቋቁመው ነበር። ማዕከሉ በ1950 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ1978 እ.ኤ.አ. ብዙ መንግሥታት በአልማ አታ ከተማ ተሰብስበው ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ባወጡት መግለጫ፣ ሕዝብ በጤናው አጠባበቅ ላይ የመሳተፍ መብትና ግዴታ እንዳለው አስታወቁ። እንግዲህ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የሚጎድለው ማስረጃው ነበር።

ማስረጃውን ለማየት ከአማራ ክልል፣ ከደቡብ ጎንደር እንጀምር። በእስቴ ወረዳ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች መድኃኒታቸውን ሳይጨርሱ የማቋረጣቸው ነገር ብርቱ ችግር ነበር። ይህ መድኃኒት ለብዙ ወራት የሚወሰድ ነው፤ በሽተኛው ጥቂት ሳምንት ወስዶ ሳሉ ሲቀንስለትና ጉልበቱ ሲመለስለት የዳነ ይመስለዋል። ከዚያም መንገዱ ሩቅ፣ እርሻው አስቸኳይ፣ የሰው አፍም ክፉ ይሆንበትና ይተወዋል። በሽታው ግን ተመልሶ ይነሣል፤ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ የጤና ሠራተኞቹ አንድ ነገር አሰቡ። በአንድ አካባቢ የሚኖሩትን በሽተኞች በአንድ ቀን ወደ ጤና ድርጅቱ እንዲመጡ ቀጠሯቸው፤ ጥቂት ጥቂት ሆነውም ማኅበር እንዲያቋቁሙ አደረጉ። የማኅበሩን መሪ በሽተኞቹ ራሳቸው መረጡ። በሰፈራቸው እየተሰበሰቡ እገሌ መድኃኒቱን ወስዷልን? እገሊት ለምን ቀረች? እያሉ ይጠያየቃሉ፤ የቀረውን ሄደው ይፈልጉታል፤ በሰፈሩ የሚያስል ሰው ቢያዩም ወደ ሕክምና እንዲሄድ ይመክሩታል። እነዚህም የቲቢ ክበቦች ተባሉ።

በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የእስቴን በሽተኞች እንዲህ ያለ ክበብ ከሌለው አካባቢ በሽተኞች ጋር አነጻጸረ። በክበብ ውስጥ ከነበሩት መካከል ሕክምናውን የጨረሱት በርከት ያሉ፣ ያቋረጡት ደግሞ በጣም ያነሱ ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነበር። የተለየው ነገር በእስቴ በሽተኛው ሲቀር የሚፈልገው ሰው መኖሩ ነው። ልብ በሉ፤ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ሂድና ጎረቤት ፈልግ አላለውም። የመሰብሰቢያውን ቀን ወሰነ፣ አገናኛቸው፣ ከዚያም ማኅበሩን ለራሳቸው ተወላቸው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በጉራጌ ምድር ከሚገኘው ከሶዶ ወረዳ የመጣ ነው። በአገራችን ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ረጅም ዘመን ተስፋ የሚያደርገው በአዲስ አበባ ያለውን የአማኑኤልን ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ሌላው በጠበል ቦታ፣ አለዚያም በቤት ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ ነበር። በኋላ በሶዶ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጥ ተደረገ። ይሁን እንጂ መድኃኒት መገኘቱ ብቻ ሰውየውን ወደ እርሻው፣ ወደ ዕድሩና ወደ ማዕዱ እንደማይመልሰው ታየ። ስለዚህ ተመራማሪዎች በ2008 ዓ.ም. አንድ ፈተና ጀመሩ። ወረዳው በ48 ምድብ ተከፍሎ በ24ቱ ሕመምተኞች የጤና ጣቢያውን ሕክምና ብቻ እንዲያገኙ፣ በቀሩት 24 ደግሞ ከሕክምናው በተጨማሪ ከዚያው ከአካባቢው ተመርጠው የሠለጠኑ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው እየሄዱ እንዲረዷቸው ተደረገ። ሕመምተኞቹ በጠቅላላው 166 ነበሩ። ሠራተኞቹም ከቤተሰቡ ጋር ይመክራሉ፤ ሕመምተኛው ወደ ሥራና ወደ ማኅበር እንዲመለስ ደረጃ በደረጃ ያለማምዱታል፤ የዕድር ዳኞችንና የሃይማኖት አባቶችን እያነጋገሩ መገለሉ እንዲቀርለት ይጥራሉ።

ከ12 ወር በኋላ ይህን እርዳታ ያገኙት ሕመምተኞች ሥራቸውን ለመሥራትና ከሰው ጋር ለመኖር ያለባቸው ችግር ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለውጡ መጠነኛ እንጂ ተአምር አይደለም። ቀደም ብሎ በተደረገው ሙከራም ድኅነትና መድኃኒት በቀላሉ አለማግኘት ሥራውን አሰናክለው ነበር። ይህን ደግሞ መደበቅ አያስፈልግም፤ የተራበን ሰው በምክር ብቻ ማጥገብ እንደማይቻል ማንም ያውቀዋልና።

ሦስተኛውን ምሳሌ ከሌላ አፍሪካዊት አገር እንውሰድ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ጭንቀት የያዘው ሰው ሁሉ ከአንዲቱ አያት አጠገብ ተቀምጦ ችግሩን ይዘረዝራል፤ እርስዋም አንዱን ችግር መርጠው መፍትሔ እንዲፈልጉ ታግዘዋለች። ከዚያም የእጅ ሥራ እየሠሩ የሚጨዋወቱበትን ማኅበር እንዲቀላቀል ትጋብዘዋለች። በ24 ጤና ጣቢያዎች፣ በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ዘንድ ከሄዱት መካከል የድብርት ምልክት የታየባቸው ከመቶ 14 ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት መካከል ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ።

ከነዚህ ምሳሌዎች ጋር የሚነጻጸረው የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው። በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው የብሮምሊ ባይ ቦው ማዕከል ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ሲሠራ ቆይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት የጤና አገልግሎት ባወጣው ዕቅድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 የሚበልጡ አገናኝ ሠራተኞችን ለመቅጠርና ከ900,000 የሚበልጥ ሰው ወደ ማኅበራዊ ማዘዣ ለመላክ አሰበ። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ 15 ግምገማዎችን የመረመሩ ጠበብት፣ አብዛኞቹ ጥናቶች ትንንሾችና ደካሞች መሆናቸውን፣ ሥራው ስለ መሳካቱም ሆነ ለወጣበት ገንዘብ ተገቢ ስለ መሆኑ ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ አለመኖሩን ጽፈው ነበር። አንባብያን ይህን ሲሰሙ በእስቴና በሐራሬ የሠራው በለንደን ለምን አጠራጠረ? ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

መልሱ በማዘዣው ስም ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ይመስለናል። በእስቴ፣ በሶዶና በሐራሬ ሥራው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ተወስኖ ነበር፤ ማን ማንን እንደሚጠይቅ፣ በምን ቀን፣ ለስንት ጊዜ እንደሚገናኙ፣ ምን ነገር ሲለወጥ ተሳካ እንደሚባል የታወቀ ነበር። በሌላ ስፍራ ግን ማኅበራዊ ማዘዣ የሚለው ስም ከሙዚቃ ክፍል እስከ አትክልት ሥራ፣ ከስልክ ምክር እስከ ወረቀት ማደል ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። እንዲህ የተደባለቀውን ነገር በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ጠቀመ ወይም አልጠቀመም ማለት አይቻልም። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛው፣ በሽተኛውን በእጁ ይዞ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። የማኅበሩን ስም በወረቀት ጽፎ መስጠት ማዘዝ አይደለም። ያዘነ ወይም የፈራ ሰው ወደማያውቀው ስብሰባ ብቻውን አይሄድም። በአገራችን ለዚህ የተዘጋጀ ሰው አለ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች እየሠለጠኑ በመንግሥት ደመወዝ ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. መካከል ፕሮግራሙ ወደ ከተማ ሲገባ ነርሶች ቤት ለቤት እንዲዞሩ ተደረገ። የሕመምተኛውን በር የሚያንኳኩት እነርሱ ስለሆኑ፣ ወደ ዕድሩ ወይም ወደ ማኅበሩ የሚያደርሱትም እነርሱ ቢሆኑ የተገባ ነው።

ነገር ግን ሸክሙን ያለ ዋጋ በድሃ ሴት ጫንቃ ላይ መጫን አይገባም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሴቶች ልማት ሠራዊት በሚል ስም የተሰለፉት ሴቶች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ነበሩ። በአማራ ክልል ገጠር ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ ሆነው ማግኘቱን ገልጿል። ሌላውን እንድታጽናና የተላከችው ሴት ራሷ አጽናኝ የምትሻ ከሆነች፣ ሥራው ከመነሻው ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ቁም ነገር፣ ተቀባዩ ማኅበር የራሱ ጌታ መሆን አለበት። የ1967 ዓ.ም. ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ የሰፈር ማኅበር የመሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ የሆነ ሲመስለው ይሸሻል። ዕድሩ ሕመምተኛን እንዲቀበል በደብዳቤ ማዘዝ ሳይሆን በስብሰባው ላይ ተገኝቶ መጠየቅ ይገባል። ወርኃዊ መዋጮ መክፈል የማይችለውን ድሃ ዕድሩ እንዴት ሊቀበለው እንደሚችል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማዘዣው የሚጠቅመው አስቀድሞ ወዳጅ ያለውን ሰው ብቻ ይሆናል። የበሽተኛውንም ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ነው። በሽተኛው ሳይፈቅድ ሕመሙ በሰፈር ቢነገር፣ መድኃኒት ይሆነዋል የተባለው ጎረቤት መርዝ ይሆንበታል።

ሦስተኛው፣ ማኅበራዊው ማዘዣ የመድኃኒቱን ማዘዣ አይተካም። በእስቴ ክበቡ ያገለገለው ክኒኑ እንዲጨረስ ነው፤ በሶዶ ሠራተኞቹ የሄዱት ሕክምና ላለው ሕመምተኛ ነው። መድኃኒት ሲጠፋ ጎረቤትህ ያጽናናሃል ማለት፣ ሰውየውን ከማጽናናት ይልቅ ማታለል ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ብሂላችን፣ በሽታን ለሰው መግለጥና መድኃኒት ማግኘት አንድነት እንዳላቸው ያሳያል።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ሁሉ ለቡን ምን ያደርግለታል? ትሉ ይሆናል። በለቡና በመሰሎቿ አዳዲስ ሰፈሮች ጤና ጣቢያ መክፈት አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ሐኪሙ በጠረጴዛው ላይ ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር ጋር የሰፈሩን ማኅበራት ዝርዝር ያስቀምጥ ዘንድ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። በዝርዝሩ ውስጥ የሕንፃው ዕድር፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የመስጊዱ ጀመዓ፣ የእናቶች ዕቁብ፣ የጡረተኞች ስብስብና የስፖርት ክበቡ ከተጠሪያቸው ጋር ይመዘገባሉ። አሮጊቷ እናት ሲመጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፈቃዳቸውን ጠይቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራቸው ትሄዳለች፤ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳ ትጠይቃቸዋለች፤ ደም ግፊታቸውን ለክታ፣ መድኃኒታቸውን በጊዜው መዋጣቸውን ጠይቃ፣ ወደ ማኅበሩ ስንት ጊዜ እንደ ሄዱ በመዝገብ ትጽፋለች። ከዓመት በኋላ መዝገቡ ተከፍቶ ይቆጠራል፤ ያልሠራው ይተዋል፤ የሠራው ይስፋፋል። የእንግሊዞቹ ድካም ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ ያልተቆጠረ በጎ ሥራ በጎ መሆኑ አይታወቅም።

ከእናንተም መካከል ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የምታዘጋጁ፣ ደብዳቤ የምትጽፉ፣ ማታም ወደየሰፈራችሁ ስትመለሱ በዕድር ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ የምታገለግሉ ናችሁ። ስለዚህ ነገሩ በሁለት በኩል ይመለከታችኋል። በቢሮ ስትቀመጡ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰውን ወደ ማኅበር ለማድረስ የምታጠፋው ሰዓት እንደ ሥራ እንዲቆጠርላት አድርጉ። በዕድራችሁ ስትቀመጡ ደግሞ፣ በዚህ ሕንፃ ለስንት ጊዜ ያላየነው ሰው አለ? የሚል አንድ ጥያቄ በየወሩ ስብሰባ ላይ ይጨመር። ዕድሩ ስለ ሟች የሚያደርገውን ጥንቃቄ ጥቂቱን ቀድሞ በሕይወት ላለው ቢሰጥ ሣጥኑ አይጎድልበትም፤ ይልቁንም ይቆጥብለት ይሆናል።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል ከአባቶቻችን ሰምተናል። መድኃኒት ግን መጠን፣ ጊዜና የሚሰጠው እጅ ያስፈልገዋል። ደንቢያና እስቴ፣ ሶዶና ሐራሬ ያስረዱን ይኸው ነው። የለቡ ሕንፃዎች ከፍ ብለው ተሠርተዋል፤ በየደረጃው ላይ የሚተዋወቅ ሕዝብ እንዲኖርባቸው ማድረግ ግን ለአናጺና ለግንበኛ የሚተው ሥራ አይደለም። እርሱ የጤና ሠራተኛውና የጎረቤቱ፣ የእኔና የእናንተ ድርሻ ነው።